ስለ ድንኳንና ስለ እንግድነት፤ ከደብረ ታቦር እስከ ጉና ግርጌ

በአገራችን ድንኳን ብዙ ሥራ አለው። ለሠርግ ይተከላል፥ ለልቅሶም ይተከላል። በጥምቀት ዋዜማ ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው በውሃው ዳር በድንኳን ያድራሉ፤ ሕዝቡም በዙሪያቸው ሰፍሮ ሌሊቱን በማሕሌትና በዝማሬ ያሳልፈዋል። በቀድሞው ዘመን ደግሞ የነገሥታቱ መቀመጫ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን ነበረ። ንጉሡ ሲነሣ ሰፈሩ ሁሉ ይነሣል፥ ንጉሡ ሲያርፍ ሰፈሩ ሁሉ ያርፋል። ዛሬ ከተማ የምንለውም ቃል ቀድሞ የጦር ሰፈር ማለት ነበረ።

ነገር ግን ድንኳንን ለደስታ፥ ይልቁንም ልጆችን አገራቸውን ለማሳየት ብሎ የሚተክል ቤተ ሰብ በእኛ ዘንድ ገና ጥቂት ነው። እኛ በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር፥ የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ፥ ይህን ለማድረግ አስበን ከአዲስ አበባ ተነሥተን እስከ ደብረ ታቦርና እስከ ጉና ተራራ ግርጌ ሄደን ነበር። ስለዚህ በመንገድ ያየነውንና የተማርነውን ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፋለን።

መንገደኞቹ አምስት ነበርን፤ እኛና የልጆቹ እናት፥ 14 ዓመት የሆነው ልጃችን፥ 8 ዓመት የሆናት ታናሽ እኅቱ፥ እንዲሁም በፋርጣ ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ አዲስ አበባ የወጡት አያታቸው። የጉዞውን አሳብ ያመጣው ልጁ ነው። ስለ አውስትራልያ የሚናገር ሥዕል ያለበት መጽሐፍ አንብቦ፥ የዚያ አገር ሰዎች ቤተ ሰባቸውን በመኪና ጭነው፥ ውሃና ስንቅ ይዘው፥ ሰው በማይታይበት ሰፊ ሜዳ ድንኳን ተክለው ከከዋክብት በታች ማደራቸው እጅግ ደስ አሰኝቶት ነበር። እውነትም ያ አገር ለዚህ የተመቸ ነው። በደቡቡ ክፍል ናላርቦር በሚባለው ዛፍ የለሽ ሜዳ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና በአንድ ስፍራ 146 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሳይታጠፍ እንደ ተዘረጋ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በዚያ የሚነዳ ሰው የሚፈራው የውሃንና የቤንዚንን ማለቅ፥ በምሽትም ድንገት ከመንገዱ ዘሎ የሚገባውን ካንጋሮ ነው። ነገር ግን ያ ባዶ የሚመስለው ምድር እንኳ ነባሮቹ ሕዝቦች ከብዙ ሺህ ዓመታት ጀምሮ የኖሩበት፥ ምንጩንና ኮረብታውን በስሙ የሚያውቁት ነው።

ልጁም "እኛም ሰው የሌለበት ቦታ ፈልገን እንደር" አለ። አያቱ ሳቁና "ልጄ፥ በቤጌምድር ሰው የሌለበት ቦታ ከፈለግህ ድንኳንህን በደመናው ላይ ትከል" አሉት። የመንገዱ ትምህርት ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ ነበረ።

ለጉዞው የተሰናዳነው እንደሚከተለው ነው። ድንኳኑን ከነምሰሶው፥ ከነካስማውና ከነአውታሩ፥ ለምንጣፍ አጎዛ፥ ለመደረቢያ ጋቢና ባና፥ ፋኖስ፥ አካፋ፥ ሁለት ጀሪካን ውሃና ጠንካራ ገመድ ያዝን። ለመኪናው ሁለት ስኮርታ ጎማና ክሪክ አዘጋጀን። የስንቁን ነገር የልጆቹ እናት አሰበችበት። በሶ፥ ጭኮ፥ ድርቆሽ፥ ቆሎና ቋንጣ በየከረጢቱ ተሞላ። ልጁ ሩዝና ባቄላ ቀቅለን እንብላ ቢልም፥ ከፍ ባለ አገር ውሃ ቶሎ ይፈላል እንጂ ቶሎ አያበስልም። አየሩ ስስ ስለሚሆን፥ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ያህል ይፈላል። ከዚያ በላይ አይሞቅምና ባቄላው እሳት ሲፈጅ ያመሻል። በሶ ግን አንድ ጊዜ ተቆልቶ ስለ ተፈጨ እሳት አይጠይቅም። የቀድሞ ዘማቾች በሶ ተሸክመው ደጋውን ሁሉ ማቋረጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ባሕር ዳር ካደርን በኋላ በማግሥቱ ማለዳ ተነሥተን የጉማራን ወንዝ ተሻገርንና ወደ ፎገራ ሜዳ ገባን። ፎገራ በጣና ዳር የተዘረጋ ለጥ ያለ ምድር ነው፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ያህል ይሆናል። ቀድሞ በከብቱ የታወቀ ሲሆን፥ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሩዙ ስም አውጥቷል። በጥር ወር የሩዙ ገለባ በየማሳው ተከምሮ ነበር። ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ወርደው፥ አፈሩን ይዘው፥ ይህን ሜዳ አጠግበው ወደ ጣና ይገባሉ። እንግዲህ ፎገራን የሚያበላው ጉና ነው ማለት ነው።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዓለም በርን ስናልፍ አቀበቱ ጀመረ። ይህ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በቻይና መንግሥት እርዳታ የተሠራ ነው፤ ኋላም አስፋልት ለብሷል። በእንዲህ ያለ አቀበት የመኪናው ኃይል ቢደክም ነጂው አይደንግጥ። በየ1,000 ሜትሩ፥ አየር የሚገፋለት መሣሪያ ከሌለው በቀር፥ ሞተሩ ከኃይሉ ከዐሥር እጅ አንዱን እጅ ያህል ያጣል። ይልቅስ የሚያስፈራው ቁልቁለቱ ነው። ሁልጊዜ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ፍሬኑ ግሎ ይከዳዋል፤ ስለዚህ በወጣበት ማርሽ መውረድ የቆየ የሹፌሮች ሕግ ነው።

ደብረ ታቦር በ2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች፥ በራስ ጉግሣ ዘመን ተቆርቁራ የየጁ መሳፍንት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ብዙ ድንኳን አይታለች። አያታቸው ልጆቹን ከፍ ካለ ስፍራ አቁመው አንድ ታሪክ ነገሩዋቸው። በ1834 ዓ.ም. የሰሜንና የትግሬ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ከራስ ዓሊ ጋራ በዚሁ በደብረ ታቦር ተዋጉ። ድሉ የውቤ ሆነ፥ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ደጃዝማች ውቤ በድንኳናቸው ተቀምጠው ድሉን በመጠጥ ሲያከብሩ፥ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሰው ማረኩዋቸው። አያታቸውም "ድንኳን ግድግዳ የለውም፤ በድንኳን የሚያድር ሰው ማን በዙሪያው እንዳለ ሳያውቅ አይተኛም" ብለው ነገሩን ጨረሱ።

ከዚያ ጥቂት ራቅ ብላ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮጳ የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት ስፍራ ናት። ዋልድማየርና ጓደኞቹ በ1859 ዓ.ም. ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን የሠሩት በዚህ ነው፤ ክብደቱም ወደ 7 ቶን እንደሚደርስ ይነገራል። በ1860 ዓ.ም. በመስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፥ ሴባስቶፖልንና ሌሎቹን መድፎች በሠረገላ አስጭነው ወደ መቅደላ ተነሡ። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረምና መንገዱን እየሠሩ ሄዱ። ድንጋዩን በእጃቸው ይፈነቅሉ፥ ገደሉን ያስቆርጡ፥ መድፉንም በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ይስቡት ነበር። የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሱ። የእንግሊዝም ጦር ኋላ በመጣ ጊዜ እርሳቸው ባስጠረጉት መንገድ ተጠቀመበት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሕይወታቸው በመቅደላ አለፈ። እኛ በመኪና በአንድ ቀን የምንፈጽመውን መንገድ እርሳቸው በአምስት ወር ተኩል ያህል አስበው፥ ቆርጠውና ጎትተው የፈጸሙት ነው።

ልጁም ይህን ሰምቶ "ያ ሁሉ ሰው አምስት ወር ምን ይበላ ነበር?" ብሎ ጠየቀ። መልካም ጥያቄ ነው። የታሪክ መጻሕፍት ስለ መድፉ ብዙ ሲናገሩ ስለ ጎተራው ጥቂት ይናገራሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በመጀመሪያው ዘመናቸው ወታደሩ በደመወዝ እንዲኖርና ባላገሩን እንዳይዘርፍ አስበው ነበር። በመጨረሻው ዘመን ግን አመፁ በየአቅጣጫው ሲበዛባቸው ሠራዊቱ የኖረው ከቤጌምድር ገበሬ ጎተራ ነው። ይህም የአንድ ንጉሥ ነገር ብቻ አልነበረም። በየዘመኑ መኰንኑ ሲያልፍ ባላገሩ ደርጎ ያቀርብ ነበር፤ ወታደሩም በገበሬው ቤት ይሰፍር ነበር። መስተንግዶ የሚለው ያማረ ቃል እንኳ በአንዳንድ አገር የግብር ስም ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ገበሬው ዐሥራት እየከፈለ ወታደር ከቤቱ እንዳይሰፍርበት ያዘዙት ይህን ሸክም ለማቃለል ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ድንኳን ሲታይ ባላገሩ መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጎተራው ቢሆን ሊያስደንቀን አይገባም።

ከደብረ ታቦር ተነሥተን በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ጉና ትከሻ ወጣን። የጉና ራስ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። ወደ ላይ ጅብራውና አስታው ይታያል፥ ወደ ታች የገብሱ እርሻና ሣር ክዳኑ ቤት ነው። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ከወራጅ ውሃ ዳር የተኛ ለምለም መስክ ዐይናችንን ማረከው፤ ሰውም አይታይበትም ነበር። ልጁ "ይኸው ባዶ ቦታ!" ብሎ ጮኸ። አያቱ ግን መኪናውን ከመንገድ ዳር አስቁመው፥ ባርኔጣቸውን አውልቀው፥ ብቻቸውን በእግራቸው ወደ ቅርቡ ቤት ሄዱና ከአጥሩ ውጭ ቆመው "ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ? ውሻ ያዙልን!" ብለው ተጣሩ።

ባናቸውን የተከናነቡ አንድ ሽማግሌ ብቅ አሉ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ከመኪናው ፖርቶመጋላ ላይ የተጠቀለለውን ሸራና ምሰሶውን ተመለከቱና "የያዛችሁት ድንኳን ነው?" ብለው ጠየቁ። አዎን አልናቸው። እርሳቸውም "በእኛ አገር ድንኳን ይዞ የሚመጣ ወይ ታቦት ነው፥ ወይ ጦር ነው። ታቦት አለመሆናችሁን አያለሁ" አሉ።

አያታቸውም "ጦርም አይደለን፥ ወንድሜ። የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን" ብለው መለሱ።

"እንግዶች ከሆናችሁ ድንኳኑን ምን አመጣው? ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ።"

ልጁ ፊቱ ጠቆረ። አያቱም ይህን አይተው፥ ልጁ ከከዋክብት በታች ለማደር ከአዲስ አበባ ድረስ መምጣቱን አስረዱ። ሽማግሌው ሳቁና "ኮከቡንማ እኛ በየሌሊቱ እናየዋለን፤ የከለከለን የለም። እሺ፥ ይትከል፤ ነገር ግን እኔ ባሳየው ቦታ ይሁን" አሉ። ያ ባዶ የመሰለን መስክ ለእርሻ በሬዎች የተጠበቀ ግጦሽ ነበረ፤ የአካባቢው ሰዎች ተማክረው የከለሉት፥ ቀኑ ሳይደርስ ማንም ከብቱን የማይነዳበት ነው። ሁለተኛም "ሌሊት ውርጭ የሚተኛው እዚያ ነው" አሉን። ይህ ቃል የሊቃውንት ቃል ነው። በጥር ወር ሰማዩ ደመና የለውምና ምድሪቱ የቀኑን ሙቀት ቶሎ ታጣለች። የቀዘቀዘው አየር ደግሞ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ወርዶ ይጠራቀማል። ሽማግሌው ያሳዩን ስፍራ ከቤታቸው አጠገብ፥ ከተዳፋቱ ትከሻ ላይ፥ ከድንጋይ ካብ ኋላ ነበረ። ልጁም እንደ ታዘዘው ከበታች የገብስ ገለባ ጎዝጉዞ፥ በላዩ አጎዛውን አንጥፎ፥ ካስማውን ራሱ መታ፤ የድንኳኑንም በር ከነፋሱ አዞረው።

የምሽቱ ነገር ደስ የሚል ነበረ። ከዋክብቱ በእጅ የሚያዙ ይመስሉ ነበር። ነገር ግን ወደ እኩለ ሌሊት ትንሿ ልጅ መንቀጥቀጥ ጀመረች። እናትዋ ከጋቢዋ ውስጥ አስገብታ አቀፈቻት፥ በላይዋም ባና ደረበችላት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ መንቀጥቀጥዋ ቆመ። ነገር ግን በሙቀት ምክንያት አልነበረም፤ እጅዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር፥ ቃልዋም ይጎተት ጀመረ፥ ስትጠራም ቶሎ አትመልስም። የብርድ አደጋ ምልክቱ ይህ ነው። በብርድ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ሰውነቱ ገና እየታገለ ነው፤ ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ያቆመ ልጅ ግን ትግሉን እየተወ ነውና አንድ ደቂቃ እንኳ ማዘግየት አይገባም።

ልጁ ደንግጦ ከውጭ የቀረውን የከሰል ማንደጃ ወደ ድንኳኑ ሊያስገባ ተነሣ። አያቱ እጁን ያዙት። "ከሰል በተዘጋ ድንኳን ውስጥ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይወስደዋል" አሉት። እውነት ነው። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር ሽታ የለውም፥ አይታይም፤ ብዙ ቤተ ሰብ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አንድነት ተኝቶ አልነቃም። እናትዋም ሌላ ቃል ሳትጠብቅ ልጂቱን በባና ጠቅልላ ወደ ቤቱ ሮጠች፤ እኛም ፋኖስ ይዘን ተከተልን።

በሩን ልናንኳኳ እጃችንን ስናነሣ በሩ ክፍት ነበር። እሳቱም አልተዳፈነም። የቤቱ እመቤት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበርና "ሕፃን ያለበት ድንኳን ሌሊት ወደ እሳት እንደሚመጣ አውቄ በሩን አልቀረቀርሁትም፤ አምጪያት ልጄ" አሉ። የረጠበውን ካልሲዋንና ልብስዋን አወለቁላት፤ ከእሳቱ አላስጠጉዋትም፥ በደረታቸው አቅፈው በጋቢያቸው ሸፈኑዋት እንጂ። መዋጥ እንደምትችል ካዩ በኋላ የገብስ አጥሚት ለብ አድርገው በጥቂት በጥቂቱ አጠጡዋት። ቆይቶ መንቀጥቀጥዋ ተመለሰ። እመቤቲቱም "ይኸው መጣች" አሉ። ከዚያ በኋላ እጅዋ ሞቀ፥ የአያትዋን ስም ጠርታ ውሃ ለመነች፥ ተኛችም።

ልጁ ከምድጃው ዳር ተቀምጦ ሌሊቱን አነጋ። የሚነደው እንጨት ባሕር ዛፍ ነበርና አያቱ "ይህ ዛፍ የመጽሐፍህ አገር ሰው ነው" አሉት። በእርግጥም ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ አውስትራልያ ሲሆን፥ ወደ እኛ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በ1880ዎቹ ዓመታት ነው። ልጁም ከአውስትራልያ ያገኘው ነገር በባዶ ሜዳ ላይ ሳይሆን በሰው ምድጃ ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

በነጋ ጊዜ ድንኳኑ በአመዳይ ነጥቶ፥ በጽዋው የቀረው ውሃም በረዶ ሆኖ ነበር። ከታች የነበረው መስክ ግን ከዚያም ይልቅ ነጭ ነበረ። ሽማግሌው ገብስ ሊያበራዩ ወደ አውድማ ሲወርዱ ልጁ ሳይጠራ ተከተላቸው፤ እስከ ቀትርም በሬዎቹን ሲነዳና ገለባውን በመንሽ ሲያነሣ ዋለ። ልንሰናበት ስንል ገንዘብ ብናወጣ ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩና "ማደሪያ አልሸጥሁላችሁም፤ እንግዳ ነው ያሳደርሁ" አሉ። የልጆቹ እናት ግን ይህን አስቀድማ ስላሰበች ከስንቁ ጋራ ይዛ የመጣችውን ቡና፥ ጨውና ስኳር ለእመቤቲቱ፥ ደብተርና እርሳስም ለልጅ ልጆቻቸው ሰጠች። ይህ ዋጋ ሳይሆን የእንግዳ እጅ መንሻ ስለ ነበረ ተቀበሉት። ድንኳኑ የተተከለበትን ገለባ ሰብስበን ወደ ክምሩ መለስን፥ የካስማውን ጉድጓድ ደፈንን፥ ያመጣነውን ወረቀትና ቆርቆሮ ሁሉ ይዘን ሄድን።

ከዚያ በኋላ ነፋስ መውጫን አልፈን እስከ ጨጨሆ ድረስ ሄደን ተመለስን። ብዙ መልካም ነገር አየን። ነገር ግን ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚያች ያልተቀረቀረች በር ነው።

ይህን ሁሉ ካስታወስን በኋላ የምንለው ይህ ነው። ድንኳን ይዞ የሚሄድ ሰው ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ እንግዳ ነው፥ ወይ ዘማች ነው። ሁለቱም የሚይዙት ሸራ፥ ካስማና አውታር አንድ ዓይነት ነው። የሚለያቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንደኛው አስቀድሞ ይጠይቃል፥ ሁለተኛው አይጠይቅም። ለሥራ ወደ አውራጃ የሚወጣ ሹምም ቢሆን፥ መሐንዲስም ቢሆን፥ ለሽርሽር የሚወጣ የከተማ ሰውም ቢሆን በዚህ ሕግ ሥር ነው። ባዶ የሚመስለው መስክ የአንድ ሰው በሬ የሚጠብቀው ግጦሽ ነው፤ ጥላ የሚሆነው ዛፍ የአንድ ሰው ማገር ነው፤ ምንጩም የአንድ መንደር መጠጥ ነው። የሚጠይቅ ሰው ግን ቦታውን ብቻ ሳይሆን የቦታውን ዕውቀት ያገኛል። ሽማግሌውን ሳንጠይቅ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት ውርጭ በሚተኛበት መስክ፥ ሰው በሌለበት፥ ልጂቱን ይዘን በተገኘን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያ አገር ሌላ ድንኳን አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ጦርነቱ እስከ ጋይንትና እስከ ጉና ደረሰ፤ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመታች። ስልኩ በተከፈተ ጊዜ ሽማግሌውን አገኘናቸው። ሁሉም በሕይወት ነበሩ። ስለ ገብሱ ስንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው "ድንኳን መጥቶ ነበር፤ የእናንተን ዓይነት አይደለም" አሉን። የማን እንደ ሆነ አልነገሩንም፥ እኛም አልጠየቅናቸውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙውን መንገደኛ ከመንገዱ አስቀረው። ስለዚህ ይህን ጽሕፈት ያነበበ ሁሉ ነገውኑ ድንኳን ጭኖ ወደ ጉና ይነሣ አንልም። መንገድ የሚከፈተው በሰላም ነው።

እስከዚያው ድረስ ግን በቤታችን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ። ልጆቻችን ካስማ መምታትን፥ አውታር መወጠርን፥ ስንቅ መቋጠርን በገዛ ግቢያችን ሊማሩ ይችላሉ። ከሁሉ አስቀድመው ግን በሰው አጥር ውጭ ቆሞ "ቤቶች!" ብሎ መጣራትን፥ መልሱንም ታግሦ መጠበቅን ይማሩ። ይህን የተማረ ልጅ ሹም ሆኖ ቢወጣ ባላገሩ አይፈራውም፤ መንገደኛም ሆኖ ቢወጣ በየደረሰበት ማደሪያ አያጣም።